መንጃ ፈቃዱ ታገደ፤ ካሣውስ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው የሕግ ትምህርታችን የመኪናና የሞተር አደጋን ይመለከታል። ስለ ጥንቃቄ ከዚህ በፊት ብዙ ሰምታችኋል፣ ወደፊትም ትሰማላችሁ። ዛሬ የምናወራው አደጋው ከደረሰ በኋላ ስላለው ነገር ነው፦ ማን ይጠየቃል? የተጎዳው ሰው ከማን ይከፈለዋል? እስከ መቼስ መጠየቅ ይችላል?

በየሽምግልናውና በየፍርድ ቤቱ ደጅ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ አነጋገር አለ። «አባቴ፣ ልጁ እኮ ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱም ተወሰደ። ከዚህ በላይ ምን ይሁንላችሁ?» ይባላል። ተጎጂውም እውነት ይመስለውና አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። አሽከርካሪው ቢታሰር ሂሳቡ ከመንግሥት ጋር ነው። መንጃ ፈቃዱ ቢታገድም ሂሳቡ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ጋር ነው። የተሰበረው እግር፣ የተሸጠችው ላም፣ ያለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ገና አልተነካም። የዚህ ዕዳ ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ አሽከርካሪው ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ነገሩን ለመረዳት እንዲቀለን አንድ ሁኔታ እናስብ። ታሪኩ የማንም አይደለም፤ ለትምህርቱ ብለን የፈጠርነው ነው። ወሩ ኅዳር ነው እንበል፣ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ። ካፋ ውስጥ አንድ አርሶ አደር ከዋጫ ገበያ ወጥቶ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው አስፋልት ዳር በእግሩ ይሄዳል። ጭጋግ ወርዷል። ሁለት ሰው ያፈናጠጠ ሞተር ከኋላው መጥቶ ይገጨዋል። ሞተሩን የሚነዳው ወጣት መንጃ ፈቃድ አለው። ሞተሩ ግን የሱ አይደለም፤ የቦንጋ ነጋዴ ገዝቶ «በቀን ይህን ያህል አስገባልኝ» ብሎ የሰጠው ነው። የአርሶ አደሩ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

መጀመሪያ የሚመጣው ሕክምናው ነው። አሽከርካሪው ቆሞ የመርዳትና ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጥሎ ቢሄድ ሌላ ጥፋት በራሱ ላይ ይጨምራል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተውን ራሱን ችሎ ያስቀጣል። ስለ ድንገተኛ ሕክምና ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የመንግሥትም ይሁን የግል ሕክምና ተቋም «ማን ይከፍላል?» ብሎ በር ላይ ሊያቆመው አይገባም። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለዚህ የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር። ይህን ልክ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲያሻሽለው ሥልጣን ስላለው፣ ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። እኔ እዚህ ቁጥር ብሰጣችሁና ነገ ቢለወጥ ሬዲዮውን መክሰስ አይቻልም።

ቤተሰብ በድንጋጤ ውስጥም ሆኖ አንድ ሰው ሊመድብ ይገባል። ያ ሰው የሞተሩን ታርጋ፣ የነጂውን ስምና የባለቤቱን ማንነት ይይዛል። መኪና ከሆነ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ምልክት አይቶ የመድን ድርጅቱን ስም ይጽፋል። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ልኬቱን ሳይወስድና ፕላኑን ሳያነሳ ተሽከርካሪው ባይነቃነቅ ይመረጣል፤ ሰው ለማዳን ካልሆነ በቀር። ያ ፕላን ከዓመት በኋላ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ነው። መንገዱ ላይ የነበረው ሁሉ ከተረሳ በኋላ ፕላኑ ይናገራል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጀመሪያው መዝገብ፣ ወደ ወንጀሉ እንለፍ። ይህ ዐቃቤ ሕግ የሚይዘው ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ይዟል። አሽከርካሪ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ እንዳለበት ሰው ስለሚቆጠር ቅጣቱ ከተራው ሰው ይከብዳል። አንድ ሰው ከሞተ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አሽከርካሪው ሕግና ደንብን እያወቀ ጥሶ ወይም ጠጥቶ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ጽኑ እስራት ይሸጋገራል፤ ከ5 ዓመት እስከ 10 ዓመት፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ጋር።

እዚህ ላይ አድማጮች ልብ በሉ፤ ያ የመቀጮ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ነው የሚገባው። ከሱ አንድ ሳንቲም ለተጎጂው አይደርሰውም። «አሥር ሺህ ብር ተቀጥቷል» ሲባል ለተጎጂው የተከፈለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰው በሞተበት ጉዳይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቢያስታርቁም የወንጀል ክሱ አይቋረጥም። እርቁና የተከፈለው ካሣ ግን ከንቱ አይቀርም። ጥፋተኛው መጸጸቱን ካሳየ፣ ተጎጂውን ከረዳና ጉዳቱን ከካሰ ይህ በሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ተደርጎ ይታይለታል። የአሽከርካሪው ቤተሰብ ለእርቅ የሚሯሯጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነውር የለበትም፤ የተጎጂው ቤተሰብ ግን ይህን አውቆ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው መዝገብ የመንጃ ፈቃዱ ነው፤ በሕግ ቋንቋ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ይባላል። የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ፈቃድ በሁለት መንገድ ሊታገድ ይችላል። አንደኛው አስተዳደራዊ ነው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ ለየእርከኑ መቀጮና የጥፋት ነጥብ መድቦ ነበር። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ መቀጮውም ከፍ ብሏል፤ የአሠራሩ መሠረት ግን ያው ነው። ነጥቡ በአሽከርካሪው ስም እየተመዘገበ ይጠራቀማል። ሲበዛ ፈቃዱ ለጊዜው ይታገዳል፤ ከዚያም ሲብስ ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ አሽከርካሪ ማንንም ሳይገጭ፣ በትርፍ ጭነትና በፍጥነት ብቻ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ያለውን ሰው፣ ከእስራቱ በተጨማሪ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያውን እንዳይሠራ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 መሠረት ሊከለክለው ይችላል።

ለሾፌሮች አንድ ቃል ልበል። በሹፍርና የሚኖር ሰው ፈቃዱ ሲታገድ እንጀራው ነው የሚታገደው። ፈተናው የሚመጣውም ያኔ ነው፤ ባለንብረቱ «ማታ ማታ ንዳ፣ ትራፊክ የለም» ይላል፣ ሾፌሩም ልጆቹን አስቦ ይስማማል። በታገደ ፈቃድ መንዳት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አደጋ ቢደርስ ደግሞ «ሕግና ደንብን እያወቀ» የምትለዋ የአንቀጽ 543 ሐረግ ከፊቱ ትደቀናለች። ያን ጊዜ ነገሩ ከቀላል እስራት አልፎ ጽኑ እስራት ሊሆን ይችላል።

ለተጎጂው ግን የፈቃዱ መታገድ ምን ይሰጠዋል? መንገዱ ላይ አንድ አደገኛ ነጂ ይቀንስለታል። ያ ጥሩ ነገር ነው። ለሐኪም የሚከፈል ገንዘብ ግን አይሆንም።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው መዝገብ የካሣው ነው። ዛሬ ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ስለሆነ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያጠፋ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ባለቤት ሁሉ። መኪናውን የነዳው ባለቤቱ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ የኛ የቦንጋ ነጋዴ «እኔ ቦንጋ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፣ ዋጫን በዓይኔም አላየሁ» ቢል አይረዳውም። «ነጂው አላጠፋም፣ ጭጋግ ነበር፣ ጎማው ፈነዳ» ማለትም አያድነውም። አንቀጽ 2086 የአደጋው ምክንያት ባይታወቅ ወይም ሊከላከለው የማይችል ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይወጣም ይላል። የሕጉ ሐሳብ ቀላል ነው፤ በሞተሩ የሚጠቀም ሰው የሞተሩን ጉዳትም ይሸከም ነው። የኛ ነጋዴ በየማታው ገቢውን ይቀበላል። አርሶ አደሩ ከሞተሩ ያገኘው ስብራት ብቻ ነው።

ኃላፊነቱን የሚቀንሰው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። አርሶ አደሩ ሰክሮ መሐል አስፋልት ላይ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ካሣውን ሊቀንስ፣ ጥፋቱ በሙሉ የሱ ከሆነም ሊያስቀር ይችላል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ቢጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ አንደኛው ብቻ ወይም በይበልጥ ማጥፋቱ ካልተረጋገጠ በቀር። ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረ ሰው ጉዳይ በማጓጓዣ ውል ሕግ የሚታይ ሌላ መንገድ ስላለው ለብቻው ፕሮግራም ይገባዋል፤ ዛሬ አልነካውም።

ካሣው እንዴት ይሰላል? መርሑ በአንቀጽ 2091 የተቀመጠው ነው፤ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። የሕክምና ወጪ፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ በሕመሙ ጊዜ የቀረ ገቢ ይቆጠራል። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም ይቆጠራል፤ እግሩ አጥሮ ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሰው የወደፊቱን ዓመታት ይጠይቃል። ለዚህ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽበት ወረቀት ያስፈልጋል። ከቦንጋው የገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወደ ጅማ ተልኮ የታከመ ሰው ከሁለቱም ቦታ ማስረጃውን ይያዝ። የመድኃኒቱን ደረሰኝ፣ የአምቡላንሱን ወይም የኮንትራት መኪናውን ደረሰኝ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ያስቀምጥ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ዳኛ ፊት ወሬ ነው የሚሆነው።

«እኔ ገበሬ ነኝ፣ ደመወዝ የለኝም፣ ገቢዬን በምን አስረዳለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና ያስረከባችሁ ከሆነ የርክክብ ደረሰኙ ማስረጃ ነው። የግብር ወረቀት፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ስንት ኪሎ እንደምታገኙ የሚያውቁ ጎረቤቶች ምስክርነት፣ ማር ካላችሁ የገዛችሁ ነጋዴ ቃል፣ ሁሉም ይረዳል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ባልቻለ ጊዜ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ግን ርትዕም የምትቆርጠው ትንሽ ነው። በነገራችን ላይ፣ ኅዳር ላይ የተጎዳ ሰው ያጣው የአንድ ወር ገቢ ብቻ አይደለም። በካፋ የዓመቱ ገንዘብ የሚገባው በዚያ ወቅት ስለሆነ ይህን ለዳኛው ማስረዳት የከሳሹ ፋንታ ነው።

ሰው ከሞተ አንቀጽ 2095 ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ያጡትን መተዳደሪያ እንዲጠይቁ መብት ይሰጣቸዋል። የሕሊና ጉዳት ካሣ የሚባልም አለ፤ ለሐዘኑ፣ ለሕመሙ። እዚህ ላይ ሕጉን ባልወቅሰው ደስ ባለኝ፤ አንቀጽ 2116 ይህ ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። በ1952 አንድ ሺህ ብር በሬና ላም ይገዛ ይሆናል። ዛሬ ከዋጫ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ አይበቃም። ገደቡ ግን አሁንም በሕጉ ላይ ተጽፎ አለ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መድን ካለ መጀመሪያ ከመድን ድርጅቱ። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር የወሰነው። ቅድም እንዳልኩት ይህም በደንብ የሚሻሻል ስለሆነ የወቅቱን መጠን ጠይቁ። ዋናው ነጥብ የሚከተለው ነው፦ መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ እንጂ የጉዳታችሁ ልክ አይደለም። ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ከኪሱ ይከፍላል። «ኢንሹራንስ ከፍሏል፣ አለቀ» የሚል ባለንብረት እየዋሸ ነው፤ ወይም እሱም ሕጉን አያውቅም።

ሞተሩ መድን ባይኖረውስ? ገጭቶ ቢያመልጥና ታርጋው ባይታወቅስ? በገጠር መንገድ ታርጋ የሌለው ሞተር ብርቅ አይደለም። ለዚህ ነው የመድን ፈንድ የተቋቋመው፤ ዛሬ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። መድን የሌለው ወይም ያልታወቀ ተሽከርካሪ ለገደለውና አካሉን ላጎደለው ሰው ካሣ ይከፍላል። የፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል። «ያመለጠውን ሰው ከየት አመጣለሁ?» ብላችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሳትሄዱ ከቀራችሁ ፈንዱም ሊረዳችሁ አይችልም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጊዜው። የካሣ ክስ ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ አንቀጽ 2143፤ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ይቆጠራል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ካሣውም በዚያው ይረዝማል። ነገር ግን በዚህ ተማምናችሁ አትቀመጡ። የማውቀው ስህተት ሁሉ የሚጀምረው «የወንጀሉ ፍርድ ይውጣና» በሚል ነው። ቀጠሮ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ዐቃቤ ሕግ ይቀየራል፣ ሁለት ክረምት ያልፋል። መጠበቁ አያስፈልግም። የወንጀል ችሎቱ ነጂውን በነጻ ቢያሰናብተው እንኳ አንቀጽ 2149 የካሣውን ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይቀይደውም። ከፈለጋችሁም የካሣ ጥያቄውን እዚያው ወንጀሉን ለሚያየው ችሎት ማቅረብ ትችላላችሁ። ችሎቱ ጉዳዩን ያጓትትብኛል ካለ «በፍትሐ ብሔር ክሰሱ» ብሎ ይመልሳችኋል።

የዳኝነት ክፍያ የሚከፍለው የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። ይህን የምለው በገንዘብ እጦት ክሳቸውን የሚተዉ ሰዎች ስላሉ ነው። በቀበሌ ማስረጃና በምስክር አቅም እንደሌላችሁ ካስረዳችሁ ክፍያው በደንቡ መሠረት ይታለፍላችኋል።

ስለ ሽምግልና ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሽምግልናን አላንኳስስም፤ ከችሎት ፈጥኖ የሚያስማማበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ነው። በስተመጨረሻ «ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ጽሑፍ ይቀርባል፣ ተጎጂው ይፈርማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 እንዲህ ያለ የስምምነት ውል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው። እግሩ ገና በጀሶ ውስጥ ያለ ሰው፣ ይድን ወይም ያነክስ ገና ሳይታወቅ፣ ለምን የመጨረሻ ወረቀት ይፈርማል? ለአስቸኳይ ወጪ ገንዘብ ከተሰጣችሁ «ለሕክምና የተሰጠ፣ ከካሣው የሚታሰብ» ብላችሁ ጽፋችሁ ተቀበሉ። የመጨረሻውን ስምምነት የቦርዱ መቶኛ ከወጣ በኋላ አድርጉት። ሽማግሌም ቢሆን ያን ጊዜ ይበልጥ የሚታመን ሥራ ይሠራል።

ከመለያየታችን በፊት ሞተር ወይም ባጃጅ ለሸጣችሁ አድማጮች። በእጅ ጽሑፍ ውል ሸጣችሁ፣ ብሩን ቆጥራችሁ፣ ሊብሬው ግን አሁንም በስማችሁ ከሆነ፣ የተጎጂው ጠበቃ ታርጋውን ይዞ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲጠይቅ የሚያገኘው የናንተን ስም ነው። መጥሪያውም ለናንተ ይደርሳል። ያኔ ገዢውን ፍለጋ ጌሻ ወይም ቴሎ ድረስ ከመውረድ ነገ ገዢውን ይዛችሁ ስም ማዛወሩን ጨርሱ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የተሳፋሪን ጉዳይ፣ በተለይ ከትርፍ ጭነት ጋር በተያያዘ፣ እናነሳለን። ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)